ከጋሽ ሕሩይ አልጋ ሥር ያለው ጀሪካን

ሰው ከክፍል በወጣ ቁጥር ተከትሎ መብራት የሚያጠፋ ሰው የሌለበት ዘመድ አዝማድ በምድር ላይ የለም። ፈጣሪ በዚህ አላዳላም፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አንድ አድሎታል። አትላንታ ለምንኖረው ለእኛ የደረሱን ክቡር ጋሽ ሕሩይ ናቸው።

ጋሽ ሕሩይ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ኖርክሮስ ውስጥ የኤሲ ጥገና ሥራ አላቸው፤ ቤታቸው እዚያው አጠገብ ሊልበርን ነው። እንግዳ ሆነህ ሄደህ እጅህን ስትታጠብ፣ ከበሩ ውጭ ቆመው የውሃውን ድምፅ ያዳምጣሉ። ትንሽ ከቆየህ "ደህና ነህ ወይ?" ይላሉ። የሚጠይቁት ስለ ውሃው እንጂ ስለ አንተ አይደለም። አንድ ቀን ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ምሳ ልጋብዛቸው ብል፣ የምግብ ቤቱ መታጠቢያ ሲንጠባጠብ አዩና ከመኪናቸው ፒንሳ አምጥተው አጥብቀውት ነው ወደ ክትፎው የተመለሱት። ክትፎው ቀዝቅዞ ነበር።

እኚህ ሰው ከአንድ አሜሪካዊ ደንበኛቸው አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዙ። ሰውዬው ጉልበቱ ሲደክም ፓናማ ትቷት የመጣት ናት። ማኅበረሰባችን ጉድ አለ። ሐበሻ ገንዘብ ሲተርፈው ሁለተኛ ቤት ይገዛል እንጂ ጀልባ ምን ያደርግለታል ተባለ። እሳቸው ግን ሁለት ዓመት ላኒየር ሐይቅ ላይ ሲማሩ ቆይተው፣ ባለፈው የካቲት "አንዱ፣ ቬኬሽን ውሰድና ሁለት ሳምንት አብረኸኝ ና" አሉኝ። አንዱ የእኔ ስም ነው። ሥራዬን ኦፍ ጠይቄ ወደ ፓናማ ተከተልኳቸው።

ባሕር ላይ ኑሮ ማለት ሥራ ማለት ነው። ገና ሳይነጋ መልሕቁ መያዙን ማየት፣ ባትሪ እንዲሞላ ሞተር ማስነሳት፣ የተቀደደ ሸራ መስፋት። ከዚያ ነፋሱ ካለ መጓዝ፣ ከሌለ ሙቀቱን ተቀምጦ መቻል። ጠረፉ ጫካና ኮኮነት ብቻ ነው፤ ከአንዱ መንደር እስከ ሌላው ግማሽ ቀን ያስኬዳል። አልፎ አልፎ ከእንጨት በተፈለፈለ ታንኳ ዓሣ የሚሸጡ ሰዎች ይመጣሉ። ሱቅም ቧንቧም የለም።

ቧንቧ በሌለበት አገር ጋሽ ሕሩይ ንጉሥ ሆኑ። በየምሽቱ የታንኩን ውሃ በእንጨት እየለኩ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ሰሃን በባሕር ውሃ ይታጠባል። ገላም በባሕር፤ ከዚያ ፊትን ለማለቅለቅ አንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ፣ በቃ። ጥርሴን ስቦርሽ እንኳ በላዬ ይቆማሉ። በዘጠነኛው ቀን ቆዳዬ ጨው እንደ ፈጀው ቋንጣ ሆኖ፣ ሌሊት ሳክክ አድር ነበር። ዝናብም አልመጣም።

በዚያ ቀን ጋሽ ሕሩይ ሙዝ ሊገዙ ከኋላችን በምንጎትታት ትንሽ ጀልባ ወደ መንደር ሄዱ። ሳሙና ስፈልግ ከአልጋቸው ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ጀሪካን አገኘሁ። ግማሽ ያህል ንጹሕ ውሃ አለው። ጠዋት ጠዋት ክፍላቸውን ዘግተው የሚቆዩት ለካ ለዚህ ነው አልኩ። እኔን በኩባያ እየለኩ ለራሳቸው ደብቀዋል። በቁጣዬ ላይ ደስታም ነበረበት፤ አትላንታ ስመለስ ለጓደኞቼ እንዴት እንደማወራው ከወዲሁ አሳመርኩት። ከክፍሉ ወደ ላይ ወጥቼ በሻምፖ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ታጠብኩበት። ጠብታ አላስቀረሁም። ከዚያ፣ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፣ ጀሪካኑን በባሕር ውሃ ሞልቼ እንደነበረው ጠቅልዬ መለስኩት።

በማግስቱ ከሙቀቱ የተነሳ በራቸውን አልዘጉትም ነበር። ጀሪካኑን አወጡ። በትንሽ ስኒ ቀዱ። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው አማተቡ። ጠበል መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። አይጠጡት ማለት ነበረብኝ፤ ጊዜም ነበረኝ። ግን ኀፍረቱ ከምላሴ ቀደመና ዝም ብዬ አየኋቸው። ጠጡት። ፊታቸው ኮሰተረ፣ ስኒውን አዩ፣ ቀጥሎ የእኔን ፀጉር አዩ። ጀሪካኑን መልሰው በፎጣው ጠቀለሉት።

ቀኑን ሙሉ አልተቆጡኝም። ያን ቀን ኩባያዬን ሁለት ጊዜ ብሞላ እንኳ የሚናገረኝ አልነበረም፤ ከስድብ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ወደ ማታ አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ፀጉርህ ያብለጨልጫል።"

ከዚያ ቀስ ብለው አጫወቱኝ። ኩላሊታቸው ላይ እጢ ተገኝቶ ለሚያዝያ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ሚስታቸው እትዬ ትዕግስት ጠበሉን በስንት መከራ ከአገር ቤት አስመጥተው፣ እስኪያልቅ በየጠዋቱ በባዶ ሆድ እንዲጠጡ ቃል አስገብተዋቸዋል። ለእኔ ያልነገሩኝ፣ የታመመ ሰው ተከትዬ ባሕር አልወጣም ብዬ እንዳልቀር ብለው ነው። እትዬ ትዕግስትን ምን ይሏቸዋል ብዬ ብጠይቅ ደብተራቸውን አንስተው ታንኩን ሊለኩ ሄዱ። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ዋሽተዋቸው አያውቁም። የቀሩትን ቀናት ያሰብኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

ሊልበርን ስንደርስ እትዬ ትዕግስት በር ላይ ቆመው፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ከማለታቸው በፊት ጠበሉን ጠየቁ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ሕሩይ ቀደሙኝ።

"አልቋል ትዕግስት። ግማሹን እኔ ጠጣሁ፣ በተረፈው አንዱ ተጠመቀበት።"

እትዬ ትዕግስት ፊታቸው በራ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላልረገጥኩት ለእኔ ሲጸልዩልኝ ኖረዋልና እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ፤ ግንባሬንም ሳሙኝ። እኔ እዚያው ደጃፉ ላይ አለቀስኩ። እሳቸው ጠበሉ ሠራ ብለው እልል አሉ። እኚህን መብራት አጥፊ ሽማግሌ እንደ አባቴ እንደምወዳቸው ያወቅሁት በዚያች ሰዓት ነው። ሻንጣቸውን እየጎተቱ በአጠገቤ ሲያልፉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ሻምፖውን እንዳትነግራት።"

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አልቆ ጋሼ ዛሬ ሥራቸው ላይ ናቸው። እኔ ግን እትዬ ትዕግስት ባዩኝ ቁጥር የተጠመቀው ልጄ እያሉ ሲያቅፉኝ መሬት ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ይኸው፣ እትዬ፣ ሻምፖ ነበረበት። ይቅር ይበሉኝ።