አየር የጠገበው ባለወፍጮ

ሰው አየር ይጠግባል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ ጠግቤያለሁ! እዚሁ ደብረ ታቦር፣ በገዛ አልጋዬ ላይ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

ባለወፍጮ ነኝ። ሳንኮራፋ ወፍጮህን ትበልጠዋለህ ይሉኛል። ማንኮራፋቱስ ባልከፋ፤ መሃል ላይ ትንፋሼ ቀጥ ይላል። ያኔ ባለቤቴ አዳነች በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች። እንዲህ ሲጎሸም ያደረ ሰው ቀን ምን ይሆናል? ያንገላጅጃል! አንድ ቀን እህል እየፈጨሁ በቁሜ አንቀላፋሁና ጋቢዬን የሚሽከረከረው የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ያዘው። ጋቢው ተቀደደ፣ እኔ ተረፍሁ። አዳነች የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ነጥቃ አንገቷ ላይ አሰረችው። ትንፋሽህ ሳይቆም አንድ እንቅልፍ እስክትጨርስ አታገኘውም አለች። ቁልፍ የሌለው ባለወፍጮ ምን ይባላል? ሥራ ፈት!

ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ ስተኛ ጉሮሮዬ እንደሚዘጋ ነግራኝ፣ በጭንብል አየር የሚነፋ ማሽን አዘዘችልኝ። ወይ ጉድ! በመጀመሪያው ቀን ማንኮራፋቴ ድራሹ ጠፋ። አዳነች እልል ልትል ምንም አልቀራት። በሳምንቱ ግን፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጋደም ባልሁበት፣ ትንፋሼ አሁንም ቀጥ! ኮርኩማ ቀሰቀሰችኝ።

እኔ ምን አሰብሁ? ወፍጮ ሲደክም ነዳጁን ከፈት ማድረግ ነው! ማሽኑን ስነካካ ስነካካ ግፊቱ የሚጨመርበትን አገኘሁና ጨመርሁ። ባሰብኝ። ደግሜ ጨመርሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እያሉ ያሳደጉኝ ሰዎች ቢያዩኝ ያፍሩብኝ ነበር።

ሐኪሟ ጋ ስንመለስ ግፊቱን ማን ጨመረብዎት አለችኝ። እኔ እንጃ አልሁ። ለካ ማሽኑ ሁሉን መዝግቦ ኖሯል! እሷም፦ አባቴ፣ ጉሮሮዎ አሁን ክፍት ነው፤ አየሩ ሲበዛ ግን አንጎልዎ ተንፍስ ብሎ ማዘዙን ይተዋል፤ ያገራችሁ ደጋነትም ያባብሰዋል አለች። ሰማችሁ? ጥጋብ እኮ ነው! ግፊቱን ቀነሰችው። ብዙ ሰው ሰውነቱ ሲለምደው በጥቂት ሳምንት ይለቀዋል፤ ካልለቀቀዎ ሌላ ዓይነት ማሽን አለ፤ እርስዎ ብቻ እጅዎን ይሰብስቡ አለችኝ።

ሰበሰብሁ። ሳምንታት አለፉ። ባለፈው እሁድ ጭንብሌን አጥልቄ ጋደም ስል አዳነች ወንበር ስባ ትጠብቀኝ ጀመር። ስነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። አንድም ክርን አልነካኝም! ደስታዬን ልነግራት ዞር ስል እሷም ወንበሩ ላይ አንገቷን ደፍታለች። ቁልፉም እዚያው አንገቷ ላይ። ታዲያ አሁን የኔ አይደል? ቀስ ብዬ እጄን ሰደድሁ። ይሄኔ ትንፋሿ ጠፋብኝ! ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ምንም! ክው አልሁ። ቁልፉን ረስቼ፣ «አዳነች! ኧረ ተንፍሺ በእመቤቴ!» እያልሁ ትከሻዋን ይዤ ናጥኋት።

ዓይኗን ገለጠች። በረጅሙ ተነፈሰችና ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች።

«መች ተኛሁ፤ ትንፋሼን ይዤ ነው» አለችኝ። «እኔ ሠላሳ ዓመት የቀመስኋትን አንድ ጊዜ ቅመሳት ብዬ። እንካ፣ ወፍጮህን ክፈት።»