ትንሿ መኪና በምን ትጎተት?

ጥያቄ ሁሉ እኩል አይደለም። ተራ ሰው የሚጠይቀው አለ፤ ለምሳሌ «ዛሬ ምን እንብላ?» የሚለው። እሱ እራት ሲቀርብ ይሞታል። የበሰለ ሰው የሚጠይቀው ደግሞ አለ፤ እሱ ጠያቂውን ቀብሮም ይኖራል። ዘንድሮ በበጋው፣ ፍራንክፈርት፣ ኒድ ሰፈር ውስጥ፣ ከወንዙ አጠገብ ባለው መኪና ማቆሚያ የተነሣው ጥያቄ ከሁለተኛው ወገን ነበር፦ ከቤት መኪና ኋላ ትንሽ መኪና በምን ዘዴ ትጎተት?

የቤት መኪናው የእንዳሻው ነው። ጡረታ እንደወጣ ገዛው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤት አለው፤ ጀርመኖቹ ቮንሞቢል ይሉታል። ሚስቱ ውብነሽ ገና ስታየው ይገለበጣል አለች። ቀጥላም ይቃጠላል፣ ካልሆነም ተኝተን ሳለ ወንዝ ይገባል አለች። እስካሁን አንዱም አልደረሰም። መኪናው ከቆመበት ንቅንቅ ብሎ አያውቅማ።

ጥያቄውን ያመጣው አንድ ሕፃን ነው። ልጃቸው ሔለን ስቱትጋርት ወንድ ልጅ ተገላገለች። አርባ ቀኑ ቅዳሜ ይውላል፤ ክርስትናውም ያን ዕለት ማለዳ ነው። አርባ ቀን ደግሞ እንደ ቢሮ ቀጠሮ፣ እንደ ቴርሚን፣ ደውለው የሚያስተላልፉት አይደለም።

«ማማ» አለች ሔለን በስልክ፣ «እኔ ስወለድ ፓፓ ሌላ ከተማ ስብሰባ ላይ ነበር። ስመረቅም ስብሰባ ላይ ነበር። ይሄ ካመለጠው ሁለተኛ አልጠራውም። ንገሪው።»

ውብነሽ ነገረችው። እንዳሻው ቃሉ አንጀቱን በላው። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ፤ «ለዚህ ልጅ ስል ተራራ እንቀሳቅሳለሁ» አለ። በማግስቱም ኮሚቴ ጠራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቮንሞቢሉ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ጠባብ መንገድ አይገባም፤ ከከተማ ወጣ ብሎ የቤት መኪኖች የሚያድሩበት ካምፕ ላይ መቆም አለበት። ከካምፑ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የምታደርስ ትንሽ መኪና ታስፈልጋለች። ትንሽ መኪና አለች፤ ውብነሽ በየቀኑ ኦስትሃፈን ወደሚገኘው መጋዘን ለሥራ የምትነዳት። ስለዚህ ትጎተታለች። ውብነሽ አንድ ጊዜ «በባቡር ብንሄድስ?» ብላ ነበር። እንዳሻው የሚስቱን ጠባይ ያውቃልና «ባቡሩ መንገድ ላይ ቢቆምስ?» አላት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ዳግመኛም ባቡር አላነሣችም።

የኮሚቴው አባላት ጋሽ ሰይፈ ገብርኤልና ጋሽ ሳህሉ ናቸው። ሦስቱም በወጣትነታቸው እዚሁ ከተማ የተማሪዎች ማኅበር መሪዎች ነበሩ። ያ ማኅበር ዓለምን ሊለውጥ ተነሥቶ መጀመሪያ ለሁለት ተከፈለ፤ ቀጥሎ ለአራት፤ መጨረሻ ላይ አንድ አባል ብቻ ያለው አንጃ ላይ ደረሰ። አባሉ ጋሽ ሳህሉ ናቸው። እሳቸውም ከራሳቸው ጋር የአቋም ልዩነት ነበራቸው ይባላል። እንዲህ ዓይነት ልምድ ያላቸው ሰዎች አንዲት መኪና መጎተት እንዴት ያቅታቸዋል?

ጉባኤው በቮንሞቢሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ተከፈተ።

«አጀንዳ አንድ» አለ እንዳሻው። «የእኔ አቋም ግልጽ ነው። መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ተጎታች ላይ ትውጣ። አራቱም ጎማዋ ታስሮ ትሂድ።»

«ታስሮ!» አሉ ጋሽ ሳህሉ። «ይኸው! ያኔም ማሰር ነበር የምትወደው። መኪና ጎማ የተሰጣት ለምንድን ነው? በብረት ዘንግ ተይዛ በገዛ ጎማዋ ትንከባለል። የራሷን ዕድል በራሷ ትወስን!»

«እስከ መገንጠል?» አሉ ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል።

«እስከ መገንጠል!»

ውብነሽ ሳህን እያጠበች ነበር፤ እጇ ቀጥ አለ። «አውቶባን ላይ፣ ያ ፈጣን መንገድ ላይ፣ ብትገነጠልስ ጋሽ ሳህሉ?»

ጋሽ ሳህሉ በርኅራኄ አዩዋት። «ውቤ፣ እህቴ፣ መብቷ ይከበር ማለት ትገነጠላለች ማለት አይደለም። እንዲያውም መብቷ ከተከበረ ለምን ትገነጠላለች?»

«ብሎኑ ከላላ ነዋ።»

ይህ ንድፈ ሐሳብ ያልገባው ሰው አስተያየት ስለሆነ በቃለ ጉባኤ አልተያዘም።

ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ መሀል መንገድ የተጓዙ፣ ከሁለቱም አቅጣጫ በሚመጣ መኪና የተገጩ ሰው ናቸው። «ሁለቱም ጽንፈኝነት ነው» አሉ። «የፊት ጎማዎቿ አጭር ጋሪ ላይ ይውጡ፤ የኋላዎቹ መሬት ይንኩ። ግማሽ ጭነት፣ ግማሽ ነጻነት።»

«አድርባይ!» አሉ እንዳሻውና ጋሽ ሳህሉ እኩል። በዚያ ሳምንት የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። ብርቱዎቹ ሦስት ሲሆኑ ግን መድኃኒት አይገኝላቸውም። የጽሑፍ ክርክር ተጀመረ። ሂስና ግለ ሂስ ተካሄደ፤ ሂሱ ከጧት እስከ ማታ ቆየ፣ ግለ ሂሱ በሻይ ዕረፍቱ አለቀ። እንዳሻው ተጎታች የሚያከራይ ሰው ጠይቆ መጣና «እዚህ አገር በዘንግ መጎተት የሚፈቀደው መንገድ ላይ ለተበላሸ መኪና ብቻ ነው» ብሎ አበሠረ።

ጋሽ ሳህሉ ጥቂት አሰቡ። «ታዲያ ምን ችግር አለ? እናበላሻታለን።»

ውብነሽ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የመኪናዋን ቁልፍ ጉያዋ ውስጥ ይዛ ትዞር ጀመር።

እሷ በበኩሏ የራሷን ጥናት ታካሂድ ነበር። በተጎታች ከሆነ ማሰሪያው ይበጠሳል። በጋሪ ከሆነ የኋላ ጎማ ይቃጠላል። በዘንግ ከሆነ መኪናዋ ብቻዋን ገደል ትገባለች፤ ገደል ባይኖርም ትፈልጋለች። ሔለን እየደወለች «ዘዴው ተወሰነ?» ስትላት «ተቃርቧል» ትላለች። እነዚህ ሰዎች «ተቃርቧል» ሲሉ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የምታውቅ ሴት ናት።

ዓርብ ደረሰ። በማግስቱ ክርስትና ነው። ምግቡ ተሠርቶ፣ የሕፃኑ ነጭ ልብስ ታጥፎ ትንሿ መኪና ውስጥ ከተጫነ ቆይቷል። ጉባኤው በበኩሉ ታላቅ እርምጃ ወሰደ፤ ሦስቱንም መሣሪያ ተከራይቶ አመጣና ከቮንሞቢሉ ኋላ ደረደረ። በተግባር ይፈተኑ ተባለ። ሦስቱ ጓዶች ብረቱ መካከል ቆመው መጀመሪያ የሚፈተነው የማን እንደሆነ ይከራከሩ ጀመር።

«ዕጣ እናውጣ።»

«መርህ በዕጣ አይወጣም!»

«እንግዲያው በፊደል ተራ።»

«በማን ፊደል? የኔ ሳ ነው፣ የሱ ሰ ነው፤ ይሄ የታቀደ ነው!»

እንዳሻው ዘወር ብሎ ሚስቱን አያት። «ውብዬ፣ እስቲ መኪናዋን ትንሽ ወደ ፊት አምጫት።»

ውብነሽ ቁልፉን ከጉያዋ አወጣች። ሞተሩን አስነሣች። ትንሽ ወደ ፊት አመጣቻት። ሦስቱ ሰዎች አሁንም ጣታቸውን እርስ በርስ ይቀስሩ ነበር፤ ማንም «በቃ» አላላትም። ስለዚህ ጥቂት ጨመረች። ከማቆሚያው ወጣች። መብራቱ ጋ ስትደርስ አረንጓዴ ሆነ። እንግዲህ አረንጓዴ ሲበራ የሚቆም የለም።

አውቶባን ላይ ነድታ አታውቅም። ወደ መጋዘኑ የምትሄደው በውስጥ ለውስጥ ነው፤ የትራም ሐዲድ እንኳ ስታቋርጥ «በስመ አብ» ትላለች። አሁን ጎማው ይፈነዳል ብላ ጠበቀች፤ ፍሬኑ እንቢ ይላል ብላ ጠበቀች፤ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ሰክሯል ብላ ጠበቀች። ከአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ኋላ ገባችና ከእሱ አልተለየችም። መኪናው ተጎታች ነበረው። ተጎታቹም ያለ አንዳች አቋም መግለጫ እየተጎተተ ይሄዳል። እስከ ስቱትጋርት «በስመ አብ» እንዳለች ሄደች፤ ግን ደረሰች።

ሔለን ሕፃኑን ታቅፋ በሩን ከፈተች። ከእናቷ ኋላ ወዳለው ደረጃ ተመለከተች።

«ፓፓስ?»

ውብነሽ ዋሽታ አታውቅም። «ስብሰባ ላይ ነው።»

ሔለን አላለቀሰችም። እናቷን አስገብታ በሩን ትንሽ ከፍታ ቆየችና ዘጋችው።

ውብነሽ ያኔውኑ ለባሏ ደወለች። «ደርሻለሁ። ዛሬውኑ ተነሥታችሁ ኑ» አለችው። እንዳሻው «አዎ፣ አዎ፣ ተቃርቧል» አላት።

ቅዳሜ ማለዳ ሕፃኑ ተጠመቀ። ውሃው ሲነካው ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት ሞላው፤ ውብነሽ ብርድ መታው ብላ ደነገጠች፤ ወዲያው እናቱ ደረት ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ከደጀ ሰላሙ ሲወጡ ስልኳ ጮኸ። እንዳሻው ነው፤ ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል።

«ውብዬ! እንኳን ደስ ያለሽ!»

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን። ልጁ ተጠመቀ።»

«እሰይ! እኛም ጋ ታሪካዊ ድል አለ። በሙሉ ድምፅ ወሰንን። ስሚ ላንብብልሽ። ‹ትንሿ መኪና በራሷ ጎማ የመሄድ መብቷ በመርህ ደረጃ ተጠብቆ፣ የግማሽ ጭነትን ጠቀሜታ ከግምት በማስገባት፣ ሙሉ በሙሉ ተጎታች ላይ ታስራ ትጎተት።› አየሽ? ማንም አልተሸነፈም። በይ አሁን መኪናዋን ቶሎ መልሺልን፤ ጎትተናት እንምጣ።»

ውብነሽ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው፤ መልሳ አስጠጋችው።

«እንዳሻው፣ መኪናዋ እኮ እዚህ ናት። ትናንት ከሄድኩ በኋላ የሚጎተት ነገር አልነበራችሁም። ቮንሞቢሉን ባዶውን ይዛችሁ ለምን አልመጣችሁም?»

ከወዲያ ማዶ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ቀጥሎ ስልኩን በእጁ ሸፈን ሲያደርግ ተሰማት፤ ድምፁ ግን ሾልኮ መጣ።

«ጓዶች፣ ተቀመጡ። አዲስ አጀንዳ ቀርቧል።»