የክቡር ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ

በየቤቱ የምግብ ጠረጴዛ የወረሰ ሰው አይጠፋም። አንዱ ሬዲዮ ይፈታታበታል፣ ሌላው የቆመ ሰዓት ይሰበስብበታል። ለእኛ ቤት የደረሱን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ፀጉራቸው ሸብቶ በአሻንጉሊት የሚጫወቱ። «መጫወት» ስል ከሰሙኝ ግን አለቀልኝ። «ፊልም ነው የምሠራው!» ይላሉ ክቡር ዳይሬክተሩ።

ፊልሙ እንዴት እንደሚሠራ ደጋግመው አስረድተውኛል፤ እኔም ደጋግሜ ግራ ገብቶኛል። ክንዱና ጉልበቱ የሚታጠፍ፣ ሻንጣ የያዘ የላስቲክ ሰውዬ አላቸው። እግሩን የጥፍር ያህል ያነሱታል፣ ፎቶ። ትንሽ ይጨምሩለታል፣ ፎቶ። ፎቶዎቹ ሲከታተሉ ሰውዬው ይራመዳል አሉ። ሲለፉ ውለው «ዛሬስ የት ደረሰ?» ስላቸው፣ «ዞር ሊል ነው» ይሉኛል፣ ያውም በኩራት።

እኛ ታዲያ ምግባችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንበላለን። ብርሃኑ ስለሚቀየር መጋረጃ መክፈት ክልክል ነው። አንዴ አስነጥሶኝ የካርቶን ዛፍ ቢወድቅ እንደ ወንጀለኛ ተመረመርኩ። «እንዳትነኩት!» የቤታችን ሰላምታ ሆኗል።

ጉድ የፈላው ዐርብ ዕለት ነው። ፊልሙን ቅዳሜ ለእህታቸው፣ ለባለቤቴ፣ ሊያሳዩ ቃል ገብተዋል። ጀምረው የጨረሱት ፊልም የለም፤ ይሄም ከከሸፈ አሻንጉሊቶቹን ጠቅልለው ሊተዉ ነው። ባትሪ ሊገዙ ወጡ። ሰውዬው ሻንጣውን እንደያዘ፣ የካርቶን ቤት በር ፊት አንድ እግሩን አንስቶ ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያው ነው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አሳዘነኝ። እግሩን አወረድኩለት፤ ሻንጣውንም ከእጁ ወስጄ አጠገቡ አስቀመጥኩለት።

ያደረግኩት የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ልመልሰው ብል እግሩ ምን ያህል ተነስቶ እንደነበር ጠፋኝ። ሲመጡ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ሰውዬውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ ካሜራቸውን አነሱ። ፎቶ።

ቅዳሜ ሶፋው ላይ ተደርድረን አየን። ሰውዬው እየተራመደ መጣ፤ እውነትም ይራመዳል! በሩ ጋ እግሩን አነሳ። ድንገት አወረደ። ሻንጣው ማንም ሳይነካው ከእጁ ወጥቶ መሬት ተቀመጠ። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

ባለቤቴ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ወንድም ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኛ በር ነው!»

እኔ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነኝ። «ምነው ጋሼ፣ ያበላሸሁትን አላስተካከሉትም?»

«ምኑን ነው የማስተካክለው?» አሉ። «ሥራ አጥቼ የመጣሁ ቀን፣ ልግባ አልግባ እያልኩ ደጃችሁ ቆሜ ሳለ፣ ሻንጣዬን ተቀብለህ ያስቀመጥከው አንተ አይደለህ እንዴ? ፊልሙ ውስጥ እንዴት እንደማስገባህ ነበር የጠፋኝ።»

ትናንት አንድ እንግዳ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ሊያኖር ሲል፣ «እንዳትነካው!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ።