ጣሪያው አይበሳም

በየከተማው በዓይኑ ያላየውን ነገር የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ዳቦ ሲገዛ ገልብጦ ሆዱን ያያል። ሰዓት ጠይቆ ሲነግሩት አመስግኖ አለፍ ይልና ሌላ ሰው ይጠይቃል። "ዛሬ ገበያ ነው" ቢሉት ገበያው መቆሙን ለማየት ይሄዳል። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ የዚህ ማኅበር የበላይ ጠባቂ፣ ሊቀ ተጠራጣርያን ጋሼ እንዳላማው ናቸው። ሥራቸው አምቡላንስ መንዳት ሲሆን መሣሪያቸው ሁለት ቃል ነው፦ "ማን አይቶ?"

ወደ እኔ ያመጣቸው ችግር ግን የሚያስቅ አልነበረም። መኪናቸው ከአምበር ከተማ ወደ ቆላው ሲወርድ መጀመሪያ የስልኩ ኔትወርክ ይጠፋል። ቀጥሎ የመገናኛ ሬዲዮው ይንኮሻኮሽና ዝም ይላል። ባለፈው ክረምት ምጥ የጠናባትን ሴት ይዘው ሲወጡ "ደም አዘጋጁ፣ እየመጣን ነው" የሚል መልእክት ለሆስፒታሉ ማድረስ አልቻሉም። ሴትየዋ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። ይህን ሲነግሩኝ "ማን አይቶ?" አላሉም። እሳቸው አይተዋል።

እኔ የመገናኛ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። ስለ አንቴና የሚጠይቀኝ ሰው ሳገኝ ደስታዬን መደበቅ ስለማልችል ወንበር ሳብኩላቸው።

"ጋሼ፣ ችግሩ ሬዲዮው አይደለም። አንቴናው ነው።"

"አንቴና ትሸጣለህ?"

"አዎ።"

"እኔም ይሄንኑ ጠርጥሬ ነበር።"

አልተቀየምኩም፤ ማስረዳቴን ቀጠልኩ። በመኪናው የኋላ ፓራውልት ላይ የቆመው አንቴና ዘንግ የሚያህል ነው። ሰው ሁሉ አንቴና በረዘመ ቁጥር የሚበረታ ይመስለዋል። አንቴና ግን ጉልበት አይፈጥርም። ረጅሙ ያለውን ጉልበት እንደ እጅ ባትሪ ሰብስቦ በቀጥታ ወደ ጎን ይወረውረዋል። ለሜዳ አገር ግሩም ነው። ቆላው ውስጥ ግን ድምፃችንን ተቀብሎ ወደ ማርቆስ የሚያሻግረው ማስተላለፊያ ያለው ከላይ፣ ተራራው ጫፍ ላይ ነው። ወደ ጎን የተወረወረው ድምፅ ፊት ለፊት ካለው ገደል ጋር ተጋጭቶ እዚያው ይቀራል። አጭር አንቴና ደግሞ እንደ ፋኖስ ነው፤ ሩቅ ባይደርስም ወደ ላይም ያበራል።

"እንግዲህ አጭሩን ጣሪያው መሃል ላይ እንተክለዋለን" አልኳቸው። "ከሥሩ ሰፊ ብረት ይፈልጋል፤ ጣሪያው ራሱ የአንቴናው ግማሽ አካል ይሆናል ማለት ነው። ትንሽ ቀዳዳ ብቻ..."

"ጣሪያው አይበሳም።"

"እሺ፣ በማግኔት የሚጣበቅ አለ።"

ማግኔቱን ሊሞክሩት ተስማሙ። ጣሪያው ላይ ካስቀመጡት በኋላ ዙሪያውን በጠመኔ ከበቡት፤ አምበር ድረስ ነድተው ተመለሱና ጠሩኝ። አንቴናው ከክቡ አንድ ጣት ያህል ወጥቷል።

"ተራምዷል" አሉኝ፣ ልጅ እንዳስጠፋባቸው ሰው እየገላመጡኝ። "ደህና ውሎ ደህና የሚገባ ይመስልሃል? ሳላየው የሚራመድ ነገር አልጭንም።"

የሚፈሩት ዝናብ ነው ብዬ ገመትኩ። ስለዚህ አሮጌ የመኪና ጣሪያ ፈልጌ በሳሁት፤ አንቴናውን ውሃ ከሚከለክለው ጎማው ጋር አጥብቄ አሰርኩና ከላይ በባልዲ ውሃ ደፋሁበት። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው በገዛ ፈቃዳቸው ከሥሩ ተቀመጡ። ጠብታ አልወረደም። ራሳቸውን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ባርኔጣውንም ገልብጠው አዩት።

"ደረቅ ነው" አሉ።

"እንግዲያው እንብሳ?"

"ጣሪያው አይበሳም።"

በዚህ ጊዜ ጥርጣሬው ወደ እኔ ተጋባ። ሰውየው አንድ የሚደብቁት ነገር ቢኖራቸው ነው። ጋራዥ ውስጥ የሚወራውንም ሰማሁ። አንዱ ጣሪያው ላይ ከሰል ይጭናሉ ይላል፤ ሌላው "ጤፍ ነው፣ ገመዱን አይቻለሁ" ይላል። አብራቸው የምትጓዘውን አዋላጅ ሲስተር ምሥራቅን ጠየቅኋት።

"ጣሪያው ላይ ምን ይጭናሉ?"

"እኔ የምቀመጠው ውስጥ ነው" አለችኝና መስኮት መስኮቱን አየች።

እውነትም አንድ ነገር አለ አልኩ። "አንቴናውን በቦታው ልፈትሽ" ብዬ በሚቀጥለው ጥሪ አብሬ ወረድኩ። የምፈትሸው አንቴናውን እንዳልነበረ ልደብቃችሁ አልችልም።

መኪና የሚገባበት መንገድ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ወንዶች ነፍሰ ጡሯን በቃሬዛ ተሸክመው ይጠብቁን ነበር። ሲስተር ምሥራቅ ተቀብላ አስገባቻት። ጋሼ እንዳላማው ግን ወደ መሪው አልሄዱም። ባዶውን ቃሬዛ ከተሸካሚዎቹ ተቀበሉና ጣሪያው ላይ ወጡ፤ ልክ አንቴናው እንዲተከል በምለምንበት ቦታ አጋድመው በገመድ አሰሩት። ከሰሉም ጤፉም ይኸው ነበር።

በመንገድ ላይ ምስጢሩን የነገረችኝ ሲስተር ምሥራቅ ናት።

"ባዶ ቃሬዛ ወደ መንደር ሲመለስ ከሩቅ ያየ ሰው ምን ይላል? ሞታለች ይላል። አንድ ጊዜ ደርሷል። ልጅቷ ሆስፒታል ገንፎ እየበላች እዚያ ድንኳን ተጥሎ፣ እናቷ ፊቷን ነጭታ ቆየች። ከዚያ ወዲህ ቃሬዛው ከሴትየዋ ጋር ይሄዳል፤ ድና ስትመለስ ከእሷ ጋር ይመለሳል። ከመንገዱም እስከ ቤቷ የሚያደርሷት በሱ ነው። ሌሎቹ ሹፌሮች አይጭኑም።"

"ታዲያ ይሄን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት ጋሼ?"

"ጣሪያ ላይ ዕቃ መጫን ክልክል ነው" አሉ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ። "ለሰው እንደማትናገር ማን አይቶ?"

ይኸው ጋዜጣ ላይ ጻፍኩት። ጥርጣሬያቸው እንደገና ልክ ሆነ። እርግጥ ስማቸውን ቀይሬዋለሁ። መቀየሬን ማን አይቶ?

ሴትየዋ በደህና ተገላገለች፤ ሬዲዮው ግን በዚያም ቀን እንደ ድንጋይ ዝም እንዳለ ነበር። ስለዚህ ነገሩን እንደገና ከመጀመሪያው አሰብኩት። መጠየቅ የነበረብኝ የቱ አንቴና ይሻላል ብዬ አልነበረም፤ ጣሪያውን የማይነካ የትኛው ነው ብዬ ነበር። ደግነቱ ከሥሩ ሰፊ ብረት የግድ የማይፈልግ፣ ከአጭሩ ትንሽ ረዘም፣ ከዘንጉ ግን በጣም አጠር የሚል አንቴና አለ። ኮፈኑ ጎን ላይ በማቀፊያ አሰርኩት። የአንቴናውን ሽቦ በበሩ ጎማ ሥር አሳለፍኩ፤ ጋሼም መስመሩን በጣታቸው ተከትለው አረጋገጡ።

ሁልጊዜ ድምፅ የሚጠፋበት ቦታ ወርደን ቆምን። ጋሼ ማይኩን አነሱ። ሆስፒታል ባለው ሬዲዮ ላይ የሚቀመጠው ፍሥሐ ወዲያው መለሰ።

"ጋሼ፣ በደንብ ይሰማሉ! እንደ ጎረቤት!"

እኔ ከደስታዬ ዘለልኩ። ሊቀ ተጠራጣርያን አልዘለሉም።

"ፍሥሐ መሆንህን በምን ልወቅ?"

"ኧረ ጋሼ፣ ድምፄን አያውቁትም?"

"ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስንት ይላል?"

"አራት ሰዓት ከሩብ። ግን ከቆመ ቆይቷል።"

"እሱ ነው" አሉኝና ማይኩን ሰቀሉ።

ከዚያ ወዲህ ከቆላው የሚወጡ እናቶች ሲደርሱ ደሙም ሐኪሙም ይጠብቃቸዋል። እኔ ሥራዬ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን የተነቀለው ዘንግ የት እንደገባ ጠየቁኝ። ቆላው አፋፍ ላይ ያለው ጤና ኬላ ፊቱ ሁሉ ገላጣ ስለሆነ ለረጅም አንቴና የተፈጠረ ቦታ ነው። እዚያ ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ሰቀልነው፤ የመንደሩ ሰው ወሬ እንዲሰማበትም አንድ አሮጌ ሬዲዮ አገናኘንበት።

"አሁንማ ተገላገልን" አልኳቸው። "ሴትየዋ መዳኗን ፍሥሐ በሬዲዮ ይናገራል። ቃሬዛው ባዶውን ቢመለስም የሚደነግጥ የለም።"

"ፍሥሐ ድናለች ስላለ? እናቲቱ ፍሥሐን የት ታውቀዋለች? ማን አይቶ?"

ይህን የምጽፈው በማዋለጃው ክፍል መስኮት ሥር፣ የአምቡላንሱ ኮፈን ላይ ደብተሬን ዘርግቼ ነው። ትናንት የወለደች ሴት ነጠላዋን ተከናንባ በመስኮቱ እጇን ዘርግታለች። ጋሼ ማይኩን ወደ እሷ ይስባሉ፤ ጥቅልሉ ገመድ እስከ መጨረሻው ተወጥሮ ክንድ ያህል ይጎድለዋል። ከሬዲዮው የአሮጊት እናቷ ድምፅ ይመጣል፤ የምትናገረው ከጤና ኬላው ነው።

"ድናለች ትሉኛላችሁ። በምን አውቃለሁ? እሷን ራሷን አናግሩኝ!"

ጋሼ እንዳላማው ወደ እኔ ዞረው ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው።

"ሰምተሃል አንሙት? እንዲህ ነው ሰው!"

"ጋሼ፣ ቆይ ገመድ ልቀጥል፤ ይደርሳል።"

መልሳቸውን ታውቁታላችሁ። ሹፌር ወንበራቸው ላይ ወጥተዋል፤ መኪናውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ መስኮቱ እያስጠጉት ነው።