ክብርት ዝምታ ከምንጩ ማዶ

በዓለም ላይ ዝም አሰኚ የሌለበት ቦታ የለም። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ አለች፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለች፣ ሠርግ ላይ እንኳ ጥግ ይዛ አለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ ስታደርግ አይቼ አላውቅም የሚል ሰው ካለ፣ ዝም አሰኚዋ እሱ ራሱ ነው። እኔ ግን የዘሩን ሁሉ ንግሥት አውቃለሁ። ቢሯቸው ጫካ ነው።

በሌሉበት «ክብርት ዝምታ» እንላቸዋለን። ፊት ለፊት እትዬ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ የፈተና ተቆጣጣሪ ነበሩ። አሁን ታናሽ ወንድማቸው ከጫካው አፋፍ በከፈተው የእንግዳ ማረፊያ አስጎብኚ ሆነዋል፤ ሥራቸው መለወጡን ግን የነገራቸው ያለ አይመስለኝም። ጎብኚን ክንድ ተኩል እያራራቁ ያሰልፋሉ። «ወደ ኋላ መዞር የለም» ይላሉ። «ጫካው እየሰማ ነው።»

አንድ ጊዜ ባለቤቴ በመንገድ ላይ ብስኩት ከፈተች። ወረቀቱ ገና ኮሽ ሲል ክብርትነታቸው ከሰልፉ ራስ ተመልሰው መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። ብስኩቱ ተወረሰ። በኋላ ወረቀቱ ተልጦ፣ በንጹሕ መሐረብ ተጠቅልሎ ተመለሰልን። ሳል የያዘውን ሰው ከመነሻው ይመልሱታል። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የአንዲትን ወፍ ስም ቢጠይቃቸው፣ «ስሟን ካወቅህ ልትጠራት ነው» ብለው አለፉት። ስሟን እሳቸውም እንደማያውቁት ወንድማቸው ኋላ ነገረኝ።

በበጋው መጨረሻ ወንዙ ሲደርቅ ለጫካው አጋዘኖች አንድ ምንጭ ብቻ ይቀራል። ሰው ያየ አጋዘን ደግሞ ወደ ምንጩ አይጠጋም፤ ውሃ ፍለጋ ወደ መንደር ይወርዳል፤ እዚያ ውሻና ወጥመድ ይጠብቁታል። ስለዚህ ክብርትነታቸው የምንጩን መንገድ በገዛ ሥልጣናቸው ይዘጋሉ። ችግሩ፣ ጎብኚ የሚመጣውም ያን ጊዜ፣ ያንኑ ምንጭ ሊያይ መሆኑ ነው።

ባለፈው በጋ ማረፊያው እንግዳ አጥቶ ሊዘጋ ተቃረበ። የቀረው ተስፋ አንድ የጉዞ ድርጅት ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ምንጩን አይቶ ከወደደው ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ሊልክ። እኔ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሻዬን ይዤ ተቀምጬ፣ እህትና ወንድም ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲነታረኩ እሰማ ነበር።

«እትዬ፣ አንድ ቀን ብቻ።»

«አንድ ቀን ውሃ ሳትቀምስ ዋልና አናግረኝ።»

«ማረፊያው ከተዘጋ እኮ ለጫካው ጥበቃዎች ደሞዝ የሚከፍል የለም። ጥበቃ ከሌለ መጥረቢያው ይመለሳል። ያኔ እርስዎ ዝም የሚያሰኙት ጉቶውን ነው።»

ክብርት ዝምታን ራሳቸውን ዝም ሲሉ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። የያዙትን የበር እጀታ ለቀቁ።

«እንግዲያው በእኔ ሕግ» አሉ በመጨረሻ። «ከምንጩ ማዶ፣ ከተዳፋቱ ላይ ነው የምናየው። ሽታችን እንዳይደርሳቸው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን። መቀመጥ እንጂ መቆም የለም።»

ሥራ አስኪያጁ ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነበር። «እናቴ፣ ዋስትና አለ?» አለ ገና ሳይወርድ። «ባይመጡስ? ደንበኞቼን ምን ልበላቸው?»

«ዋስትና ከፈለግህ ከተማ ሂድ፤ አጥር ውስጥ የታሰሩ አሉልህ።»

ከሰዓት በኋላ ተዳፋቱ ላይ ደረደሩን፤ እንደ ልማዳቸው ክንድ ተኩል እያራራቁ። «ከግራ፣ ከዚያ ቁጥቋጦ ነው የሚመጡት» ብለው አሳዩን። «ሁሌም ከግራ።» እኛም አንገታችንን ወደ ግራ ተክለን ጠበቅን። እግሬ ደነዘዘ። ወንድምየው ሣር መንጨት ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ መልሶ ሰዓቱን አየ። ፀሐይ ወደ ተራራው አዘነበለች። ነፋሱም ዞረ፤ ማጅራቴ ሲቀዘቅዝ ታወቀኝ። ቁጥቋጦው ውስጥ ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።

ያን ጊዜ ከጀርባችን ጠጠር ተንከባለለች።

መዞር የለም ተብለናልና አልዞርንም። ከትከሻዬ አጠገብ ትንፋሽ ሰማሁ፤ ረጅምና ሞቃት። አንዲት አጋዘን በእኔና በሥራ አስኪያጁ መካከል አለፈች። በጎኗ የወረዱትን ነጫጭ መስመሮች እጄን ብዘረጋ እነካቸው ነበር። አንድ ጆሮዋ ወደ እኔ ዞረ፤ የልቤን ምት የሰማች መሰለኝ። ከኋላዋ ሌላ መጣች፣ ከዚያ እግሩ ገና ያልጸና ግልገል፣ በመጨረሻም ቀንዱ ተጠማዝዞ ወደ ሰማይ የወጣ አውራ። መንጋው በየመካከላችን በነበረው ክፍተት፣ በር እንደተከፈተለት እንግዳ፣ ሳይቸኩል ወረደ።

አንገታቸውን ደፍተው ጠጡ። ጸጥታው ጥልቅ ከመሆኑ የተነሣ ውሃው በጉሮሯቸው ሲወርድ ከማዶ ይሰማ ነበር። ምድር ሰው ሳይፈጠር እንዲህ ነበረች አልኩ በልቤ፤ እኛ ባንኖር ምንም አይጎድልባትም ነበር። ይህን ሳስብ መከፋት ሲገባኝ ደስ አለኝ።

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጆች» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። ክብርት ዝምታ ነበሩ። እጃቸው ክንዴን ጨምድዶ ይዟል፤ ያን ሁሉ ዓመት ያዩትን ነገር ገና ዛሬ ያዩት ይመስሉ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ክብርትነታቸው ታዘዙ።

መንጋው ሄዶ፣ ከተነሣንም በኋላ፣ ሰውየው ድምፁ አልተመለሰለትም። «በዚህ ወቅት ጥቂት ሰው ብቻ እልካለሁ» አለው ወንድምየውን በሹክሹክታ። «ከዚህ ከተዳፋቱ፣ እሳቸው እንዳሉት። ዝናቡ ሲመጣ ግን ክፍሎችህን ሁሉ እሞላልሃለሁ።» ወንድምየው የሰውየውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ቀረ።

ቁልቁል ስንመለስ ክብርትነታቸው ከፊት ሆነው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ነግሬያችሁ ነበር» አሉ። «ሁሌም ከኋላ ነው የሚመጡት።»

ሥራ አስኪያጁ አየኝ፤ እኔም አየሁት። የሰው ስህተት እየለቀምኩ ጋዜጣ ላይ በማውጣት የምተዳደር ሰው ነኝ።

«አዎ እትዬ» አልኩ። «ነግረውን ነበር።»