በከትልቤክ ስለ ቀጥተኛ ጥያቄና ስለ ወይዘሮ ኢዲት ሻይ

በዮርክሸር የከትልቤክ መንደር አዳራሽ ኮሚቴ ቅዳሜ ጁላይ 12 ቀን 1975 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጣሪያው በማያፈስበት የአዳራሹ ማዕዘን ተሰበሰበ።

የተገኙ፦ አቶ ሃሮልድ ክላፋም፣ ሰብሳቢ፣ ባቡር እዚህ ይቆም በነበረበት ደግ ዘመን የጣቢያው ሹም፤ ወይዘሪት ሂልዳ ሰግደን፣ የቀድሞ መምህርት፤ አቶ ዊልፍሬድ ኦግደን፣ ሥጋ ሻጭ፤ ወይዘሮ ኢዲት ሞክስን፣ የሰባ ስምንት ዓመት እመቤት፣ የሻይ ኃላፊ፤ እንዲሁም ይህን የሚጽፈው ጸሐፊ።

ያልተገኙ፦ ሁለት፣ በእርግብ ውድድር ምክንያት።

ከሰባቱ አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። የአቶ ኦግደን ውሻ ድምፅ እንዲሰጥ የቀረበው ሐሳብ ደጋፊ አላገኘም።

አጀንዳ 1፦ ስለ አነጋገር

ወይዘሪት ሰግደን እንዳስረዱት፣ የመንደሩ ሰው በእንግሊዝኛው አንድ ነገር ሲፈልግ ጥያቄውን አሉታ አልብሶ ያቀርባል፤ ቃላቱንም እየቆረጠ እርስ በርስ ያጣብቃል። ወይዘሪቷ ምሳሌ አልጠቀሱም። ሆኖም ከወይዘሮ ሞክስን በቀር ምሳሌውን የማያውቅ አልነበረም። ሰብሳቢው ወይዘሮዋ ከሻይ ኃላፊነት እንዲለቁ መፈለግ ከጀመሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከአፋቸው የወጣው ግን "ኢዲት፣ ዘንድሮ ትንሽ አረፍ ማለት አይሻልሽም?" የሚል ብቻ ነው። ወይዘሮዋም "ኧረ ምን ሆኜ!" እያሉ እስከ ዛሬ ቀድተዋል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በአዳራሹ ጥያቄ በቀጥታ እንዲጠየቅ፣ በቀጥታም እንዲመለስ፣ ቃልም ሳይቆረጥ እንዲነገር ሐሳብ ቀረበ።

አቶ ኦግደን ተቃወሙ። "እመቤቴ፣ እኔ ቃሌን የምሸጠው እንደ ሥጋዬ ነው፤ አጥንቱን አውጥቼ" አሉ። ያስተማሯቸው ወይዘሪት ሰግደንም "ዛሬ ከነአጥንቱ ታቀርበዋለህ፣ ዊልፍሬድ" ብለው መለሱ። አቶ ኦግደን ተቃውሟቸውን በሙሉ ቃል ሲያስረዱ ስድስት ደቂቃ ፈጀባቸው፤ በመጨረሻም ደክሟቸው ደገፉ። ከረዥም ውይይት በኋላ ደንቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ወይዘሮ ሞክስን እጃቸውን ሲያወጡ "እኔ ድሮም ቀጥ ያለ ነገር ነው የምወደው" ማለታቸው ተመዝግቧል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ሻይ

ሰብሳቢው በአዲሱ ደንብ ተደፋፍረው ተነሡ። ክራባታቸውን ሁለት ጊዜ አስተካክለው "ኢዲት፣ ሻይሽ እንደ ሬት ይመራል። ሥራውን ልቀቂ" አሉ።



ወይዘሮ ሞክስን ደንቡ ለእሳቸውም ይሠራ እንደሆነ ጠየቁ፤ እንደሚሠራ ተረጋገጠላቸው።

"ዊልፍሬድ፣ ሻዬን ትወደዋለህ?"

"አልወደውም።"

"ታዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለት ሁለት ሲኒ የጨለጥከው ምን ሆነህ ነው?"

አቶ ኦግደን፣ "አትደግምም?" ተብሎ እምቢ ያለ ሰው በዚህ መንደር ታይቶ እንደማይታወቅ አስረዱ። ወይዘሪት ሰግደን የራሳቸውን ድርሻ በመስኮቱ ላይ ያለውን አበባ ሲያጠጡበት መኖራቸውን አመኑ። አበባው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ጸሐፊውም ተጠይቆ ነበር፤ መልሱ እንዳይመዘገብ ጸሐፊው ወስኗል።

ከዚያ በኋላ ለዐሥር ደቂቃ ያህል ደንቡ በትጋት ተሠራበት። ወይዘሮ ሞክስን ለሰብሳቢው "ሃሮልድ፣ በየገናው ስትዘፍን ዝም ብለን የምናዳምጥህ ጥሞን መሰለህ?" አሏቸው። ለወይዘሪት ሰግደን ደግሞ የኬካቸውን ቁራሽ ውሻው ባለፈው ወደ ውጭ ወስዶ እንደ ቀበረው ነገሯቸው። አቶ ኦግደን ይህ እውነት መሆኑን መሰከሩ። ወይዘሪት ሰግደን ይህ ቃል እንዲሰረዝ ጠየቁ፤ ቀጥተኛ ስለሆነ አልተሰረዘም።

በመጨረሻ ወይዘሮ ሞክስን ሽርጣቸውን ፈቱ፤ የማድቤቱን ቁልፍም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ባለቤቴ አልበርት ከሞተ ወዲህ ስሜን የሚጠራ ሰው የማገኘው ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ነው። እናንተው ደንብ አውጥታችኋልና በቀጥታ ንገሩኝ፤ ከእንግዲህ ቤቴ ልቀር?"

ደንቡ አዎን ወይም አይደለም እንዲባል ያስገድዳል። ሰብሳቢው ግን ጣሪያውን ሲመረምሩ፣ አቶ ኦግደን የጫማቸውን ክር ፈትተው እንደገና አሰሩ። ከዚያ ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው፦

"ኢዲት... ሻይ አትቀጂልንም?"

ወይዘሪት ሰግደን የደንብ መጣስ ለማሳሰብ ተነሥተው፣ አፋቸውን ከፍተው "ለእኔስ አትነፍጊኝም አይደል?" አሉ።

ወይዘሮ ሞክስን ጥቂት አሰቡ። "ምን ገዶኝ!" ብለው ሽርጣቸውን መልሰው አሰሩ።

ውሳኔ፦ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ፣ የተባለውም እንዳልተባለ፣ ቁልፉም ከወይዘሮ ሞክስን ኪስ እንዳልወጣ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አባላቱ ሁለት ሁለት ሲኒ ጠጥተው ስብሰባው ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊዘጋ ሲል፣ ወይዘሮ ሞክስን ማንቆርቆሪያውን ይዘው "ሦስተኛ አትደግሙም?" ሲሉ ጠየቁ።

ስለዚህ ስብሰባው የተዘጋው ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።