የሐጂ ሙሐመድኑር ሞት ለምን አልጸደቀም?

ሰው ሁሉ አድሚን መሆን ሹመት ይመስለዋል። ሹመት አይደለም፤ በረኝነት ነው። በረኛ እንኳ ደመወዝ አለው፤ የእኔ ደመወዝ ስድብ ነው።

የደባርቅ፣ የዳባትና የዙሪያው ሰው የሚሰባሰብበት ትልቅ የፌስቡክ ግሩፕ አለን። እኔ ደባርቅ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ጠዋት ማሽኑ እስኪሞቅ፣ አባላቱ የላኩትን ፖስት አያለሁ። የሚሆነውን አጸድቃለሁ፣ የማይሆነውን እመልሳለሁ። በዚህ ሥራ የሚስተካከለኝ የለም። ራሴን ማሞገሴ አይደለም፤ እውነቱን ነው።

ምን የማይመጣ አለ? አንዱ ላም ጠፍታበት «ያያችሁ ጠቁሙኝ» ይላል። መልኳ? አልተጻፈም። የት ጠፋች? አልተጻፈም። የራሱን ፎቶ ግን በክራባት ለጥፏል። ሰው ላሟን ይፈልግ ወይስ እሱን? ሌላው ከኮሶዬ አፋፍ ባዶ ነጭ ፎቶ ላከልኝ። ምንድን ነው ብለው፣ ገደሉ ነው፣ ጉሙ ሲገለጥ ይታያል አለኝ። ይኸው ፎቶው ላይ ጉሙ እስኪገለጥ እየጠበቅሁ ነው።

ይሄ ሁሉ ቀላል ነው። ከባዱ መርዶ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ደስታው የሚባል የዳባት ሰው ፖስት ላከ። የሐጂ ሙሐመድኑር ፎቶ፤ ከጎኑ የበራ ሻማ። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ከእኔ ፊት ለፊት ነው። ደስታው ደግሞ የዱሮ ደንበኛቸው። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ደጉ፣ ቸሩ፣ ክንድ የማያጎድሉት አባታችን ገደል ገብተው አረፉ። ነፍስ ይማር።»

ሐጂ ለወዳጃቸው ልጅ ሠርግ ስሜን ተራራ ውስጥ አምቢኮ መሄዳቸውን አውቃለሁ። ቀና ስል ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ሱቅ ውስጥ ሻሽ እያጣጠፉ ከገበያተኛ ጋር ይሳሳቃሉ።

ወዲያው ደስታው ደወለ።

«ምነው አታጸድቂውም?»

«ማን ነገረህ?»

«ከጊች መንደር የተከራዩአት በቅሎ ብቻዋን ተመልሳለች። ኮርቻዋ ዞሮ ሆዷ ሥር ነው!»

«ሬሳ ያየ አለ?»

«ስሜን ገደል የገባ ሰው ምን ሬሳ አለው? ቶሎ በይ እንጂ፣ ሌሎቹ ግሩፖች ሊቀድሙን ነው!»

መርዶ መንገር ከመቼ ወዲህ ነው እሽቅድምድም የሆነው? መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ በማለዳ በቀስታ ይነገራል። ሚስት የባሏን ሞት ሻሽ እያጣጠፈች ከስልክ ታንብብ? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይላሉ። ከፌስቡክ የወጣማ ገደሉን ጨርሶ ቆላ የደረሰ ነው።

አላጸድቅም አልሁት። ሌላ ቦታ ብትለጥፈው ደግሞ ከግሩፑ ትወጣለህ አልሁት። ጮኸ፣ ሰደበኝ፣ ግን ፈራ። ግሩፑን ያጣ ሰው በምን ወሬ ይኖራል?

ወዲያው በራሴ ስም አንዲት መስመር ለጠፍሁ፦ «ከአምቢኮ በኩል ዛሬ የመጣ ሰው ካለ፣ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።» ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አንዱ ደንበኛ መታወቂያውን ኮፒ አድርጊልኝ ሲለኝ ጀርባውን ብቻ ደጋግሜ አወጣሁለት። እትዬ ዘሃራ በደጄ ሲያልፉ አዩኝና፣ «ልጄ፣ ምነው ፊትሽ?» አሉኝ።

«ቀለም አልቆብኝ ነው፣ እትዬ» አልኋቸው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሾፌር ጻፈልኝ። ሐጂን ነው የምትጠይቂኝ? አለ። እግራቸውን ወለም ብሏቸው ወዳጃቸው ቤት ተኝተው በቅቤ እየታሹ ነው። በቅሎዋ ኮርቻዋ ሳይወርድላት ገመዷን በጥሳ ወደ ቤቷ ሄደች። ሐጂ እስካሁን እሷን እየረገሙ ነው አለኝ።

ከዚያ ተሻግሬ ለእትዬ ዘሃራ የወለምታውን ነገርኋቸው። ወለምታውን ብቻ።

ሐጂ ሲሻላቸው ከዘራ ይዘው መጡ። ወሬው ደርሷቸዋል። አላህ ያክብርሽ፣ ዘሃራን ከድንጋጤ አዳንሽልኝ ብለው መረቁኝ። ቀጥለው፣ «እስቲ ያንን ጽሑፍ አሳይኝ» አሉ።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

«ይሄ ደስታው» አሉ፣ «ጨርቅ ሲገዛኝ ቀማኛ ነው የሚለኝ።»

«ላጥፋው እንዴ?»

«ለምን ተብሎ! ገደሉንና ነፍስ ይማሩን አውጪና ልቀቂው።»

እውነታቸውን ነው፤ በቁም የተመሰገነ ማን አለ? ሻማውንም አንስቼ፣ «ደጉ፣ ቸሩ፣ ክንድ የማያጎድሉት አባታችን ከአምቢኮ በሰላም ተመለሱ» ብዬ ከፎቷቸው ጋር ለቀቅሁት። ሐጂ አጠገቤ ቆመው ይጠብቃሉ።

የመጀመሪያው ኮሜንት ገባ፦ «ነፍስ ይማር! ደግ ሰው አይበረክትም።»

ሐጂ ስልካቸውን አወጡ። በአንድ ጣታቸው፣ ፊደል በፊደል፣ ከሥሩ መለሱለት፦ «አሚን። አንተንም።»